ስለ ግራፊክስ ካርድ ጉልበትና ትንፋሽ

በዛሬው ጊዜ በእኛ በተማሪዎች ዘንድ የኮምፒዩተር ወሬ በተነሣ ቍጥር የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ካርድ ይበልጣል?» የሚል ነው። «እንዴትስ ይቀዘቅዛል?» ብሎ የሚጠይቅ ግን አላጋጠመኝም። እኔም ራሴ ጠይቄ አላውቅም ነበር። ይኸን አስተያየት እንድጽፍ ያነሣሣኝ የገዛ ጥፋቴ ነው።

አጎቴ ከደመወዙ ቆጥቦ ያገለገለ ኮምፒዩተር ገዝቶልኝ ነበር። እናቴ አቧራ እንዳይገባበት ብላ በእጅዋ የሠራችውን ዳንቴል አለበሰችው፤ እኔም ቦታ ለመቆጠብ ከግድግዳው ጋር አጣብቄ አስቀመጥሁት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሥዕሉ ይንቀራፈፍ፥ ፋኑም ይጮኽ ጀመር። «ካርዱ ደካማ ነው፤ ሌላ ይገዛልኝ» እያልሁ አጎቴን ባስቸግረው፥ «ከፍተህ ሳታየው አንዲት ሳንቲም አልሰጥህም» አለኝ።

ከፍቼ የተማርሁትን ልንገራችሁ። በካርዱ መካከል ዋናው ቺፕ አለ፤ በዙሪያው የሜሞሪ ቺፖች ተደርድረዋል፤ በጎኑም 12 ቮልቱን ወደ 1 ቮልት ገደማ የሚያወርዱ ክፍሎች አሉ። የሚገባው ኤሌክትሪክ ሁሉ ለማለት ይቻላል በመጨረሻው ሙቀት ይሆናል። ይኸን ለማስወገድ በቺፑ ላይ ፔስት ይቀባል፤ በላዩ የመዳብ ቱቦዎችና ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ይቀመጣሉ፤ ፋኑም በቅጠሎቹ መካከል አየር ያሳልፋል። የቱቦው ሥራ ከአረቄ አወጣጥ ጋር ይመሳሰላል፤ በውስጡ ያለው ጥቂት ፈሳሽ በቺፑ በኩል ተንኖ፥ በቅጠሎቹ በኩል ቀዝቅዞ እንደ ገና ፈሳሽ ይሆናል። ነገር ግን እንደ አረቄው አይቀዳም፤ ተመልሶ ወደ ቺፑ ይሄዳል።

በእኔ ካርድ ቅጠሎቹ በአቧራ ተደፍነው፥ ፔስቱም ደርቆ ነበር። ቺፑ ሲግል እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ እኔ ድካም ያልሁት ይኸንኑ ጥንቃቄውን ነው። አቧራውን ጠርጌ፥ ፔስቱን ለውጬ፥ ዳንቴሉንም ካነሣሁ በኋላ ካርዱ እንደ ቀድሞው ሆነ።

ነገሩ የእኔ ብቻ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1999 የወጣው ጂፎርስ 256 በአንዲት ትንሽ ፋን ይቀዘቅዝ ነበር፤ በ2022 የወጣው አርቲኤክስ 4090 ግን እስከ 450 ዋት ይወስዳል፤ ይኸውም ከሰባት ባለ 60 ዋት አምፖሎች በላይ ነው። ስለዚህ ግዝፈቱን የምናደንቅለት ካርድ አብዛኛው አካሉ ማቀዝቀዣ ነው። ከዚህም በላይ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ስለ ሆነች፥ አየሯ ከባሕር ዳርቻው አየር በሩብ ያህል ይሳሳል፤ በእኩል ፍጥነት የሚዞር ፋን እዚህ የሚሸከመው ሙቀት ያነሰ ነው። በእርግጥ የደጋው ቅዝቃዜ ይረዳል፤ ለተደፈነ ቀዳዳ ግን ምንም አያደርግለትም።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይኸ ነው። በትምህርት ቤታችን ዕቃ ቤት የተበላሹ ኮምፒዩተሮች ተቈልፎባቸው ተቀምጠዋል። መምህራኖቻችን «ተማሪ ይሰብራቸዋል» ብለው ቢሰጉ እውነት አላቸው፤ እኔም ብሎኑን ስፈታ እጄ ተንቀጥቅጧል። ነገር ግን አስቀድሞ የተበላሸ ዕቃ እንዳይበላሽ መፍራት ምን ይጠቅማል? ኤሌክትሪኩ ተነቅሎ፥ መምህር ባለበት፥ በወር አንድ ቀን ብንከፍታቸው ምናልባት ጥቂቶቹ ይድናሉ፤ ባይድኑም እንማርባቸዋለን። ወላጆችም፥ ልጃችሁ «አዲስ ካርድ ግዙልኝ» ባላችሁ ጊዜ «አሮጌውን ጠርገኸዋልን?» ብላችሁ ጠይቁት።

አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ያሉት እንዲህ ላለው ነገር ይመስለኛል። ዳንቴሉንም እናቴ ዛሬ በጠረጴዛው ላይ አንጥፋዋለች።