ኮርኒስ ላይ ኮርኒስ

ዛሬ ስለ ኮርኒስ ልንጽፍ ነው። አዎ፣ ስለ ኮርኒስ። ፖለቲካው፣ የኑሮ ውድነቱና ኳሱ እያለ ኮርኒስ የሚያይ ምን ዓይነት ሥራ ፈት ነው እንዳትሉን። ቀና ያልነው ወደን አይደለም፤ ውሃ ጠብ ብሎብን ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጉለሌ ባለው የአያታችን ቤት ባለፈው ክረምት የሳሎኑ ኮርኒስ አንድ ጥግ ላይ ቢጫ ካርታ ሠራ። ካርታውም በየሳምንቱ ድንበሩን እያሰፋ ሄደ። ኮርኒሱ የጥንት ነው። ጠባብ ጠባብ ጣውላዎች እርስ በርስ ተሰካክተው የተመቱበት፣ ዙሪያውን ደግሞ አናጢ በእጁ ያወጣው ባለ ጌጥ የእንጨት ክፈፍ ያለው ነው። የልጅ ልጆች ተሰበሰብን፣ ገንዘብ አዋጣን፣ ባለሙያ ጠራን። ባለሙያው አንድ ደቂቃ እንኳ ሳያይ ፈረደ።

«እማማ፣ ይሄ አርጅቷል። በጂፕሰም ሸፍነን፣ ዙሪያውን መብራት አስገብተን፣ ሆቴል እናስመስልልዎታለን።»

«ልጄ፣ ሆቴል ምን ያደርግልኛል? መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ንገረኝ» አሉት አያታችን።

እኛ ስለ ዋጋ፣ ስለ ቀለምና ስለ መብራት ስንጠይቅ ነው የዋልነው። ዋናውን ጥያቄ የጠየቁት እሳቸው ብቻ ናቸው። ባለሙያው መልስ አልነበረውም። እኛም አልነበረንም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ተረት ለሰው ብቻ ሳይሆን ለቤትም እንደሚሠራ ያን ቀን ገባን።

ስሙን ይዘን ነገሩን ስንጥል

አንድ የሚያስቅ ነገር እናንሳ። «ኮርኒስ» የሚለው ቃል የመጣን ከፈረንጅ ነው። በፈረንጆቹ ዘንድ ግን የሚያመለክተው ግድግዳና ጣሪያ በሚገናኙበት መስመር ላይ የሚዞረውን ጌጠኛ ክፈፍ ነው። እኛ የዳሩን ስም ወስደን ለመሐሉ ሰጠነው። ዛሬ ደግሞ ስሙን አስቀርተን ክፈፉን እየገነጠልን እንጥላለን። ቤቱ ኮርኒስ አለው እንላለን፤ ኮርኒሱ ግን የለም።

ጂፕሰም ምን ይችላል፣ ምን አይችልም?

ጂፕሰምን ልንሰድብ አልመጣንም። ጥሩ ነገር ነው። ድንጋዩ ሩቅ አይደለም፤ አባይ ሸለቆ ውስጥ ጎሃ ጽዮን አካባቢ በሽ ነው። በውስጡ ከክብደቱ አንድ አምስተኛ ያህል ውሃ ስለያዘ እሳት ሲያገኘው ውሃውን በእንፋሎት እየለቀቀ ቃጠሎውን ያዘገያል። አሮጌ የኤሌክትሪክ ገመድ በደረቅ እንጨት መሐል በሚያልፍበት ቤት ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም። ልሙጥ ነው፣ ቶሎ ያልቃል፣ ቀለም ይወዳል።

የማይወደው ከላይ የሚወርድ ውሃ ነው። ሰሌዳው ይጠጣል፣ ይለሰልሳል፣ ይለጠጣል፣ በመጨረሻም ይወድቃል። ስለዚህ በሚያፈስ ቆርቆሮ ስር ጂፕሰም መስቀል ችግሩን ለሚቀጥለው ክረምት ማስተላለፍ ነው። ያውም ከነወለዱ።

ሁለተኛው ጣጣ ክብደቱ ነው። 12.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ሰሌዳ በካሬ ሜትር ከ8 እስከ 9 ኪሎ ግራም ይመዝናል። ክፍላችሁ 4 በ4 ከሆነ 16 ካሬ ነው፤ አስሉት፤ ከ128 እስከ 144 ኪሎ ይሆናል። ሁለት ጎልማሶች ኮርኒሱ ላይ ተጋድመው እንደማለት ነው። ይህን ሁሉ የሚሸከመው የበሰበሰው ጣውላ ሳይሆን ከጣውላው በላይ ያለው ሞራሌ መሆን አለበት። ሞራሌውንም ነቀዝ ወይም ምስጥ በልቶት እንደሆነ ማንም ከታች ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ሰው መውጣት አለበት።

አራት መንገድ

ከዚያ በኋላ ጠይቀን፣ አናጢዎችን አስቸግረን፣ ራሳችንም ባትሪ ይዘን ኮርኒሱ ላይ ወጥተን (የአይጡን ነገር ተዉት!) የተረዳነው ይህን ነው።

አንደኛው መንገድ መጠገን ነው። የበሰበሰውን ጣውላ ብቻ አውጥቶ በሌላ መተካት፣ ክፈፉን መጠራረግ፣ መቀባት። ከባዱ ነገር ያን የሚመስል ጣውላና ትዕግስት ያለው አናጢ ማግኘት ነው። አሮጌ ቀለም ሊድ ሊኖርበት ስለሚችል ደግሞ በደረቁ በሸካራ ወረቀት አትፈትጉት፤ አርጥባችሁ ፋቁት፣ ሕፃናትንም አርቁ።

ሁለተኛው መንገድ ክፈፉን ሳይነኩ መሐሉን ብቻ መሸፈን ነው። ሰሌዳው በክፈፉ ውስጠኛ ጠርዝ ልክ ይቆረጥና አሮጌውን ጣውላ አልፎ ሞራሌው ድረስ በሚደርስ ረጅም ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ሁለቱን ውፍረት አልፎ ቢያንስ 2.5 ሳንቲ ሜትር ሞራሌው ውስጥ መግባት አለበት። ሳሎኑ ልሙጥ ይሆናል፣ ጌጡም ይታያል። ክፈፋችሁ ቀጭን ከሆነ ግን ወፍራሙ ሰሌዳ ጠርዙን ይውጠዋል። ያኔ 9.5 ሚሊ ሜትሩ ይሻላል፤ ክብደቱም ይቀንሳል።

ሦስተኛው መንገድ ከክፈፉ በታች የብረት ፍሬም አንጠልጥሎ አዲስ ኮርኒስ መሥራት ነው። አሁን ከተማውን የሞላው ይሄ ነው። ከክፍሉ ቁመት 10 ሳንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ይወስዳል፣ ክፈፉንም ይደብቃል። ሆኖም በጥንቃቄ ከተሠራ አሮጌው ከነጌጡ እላይ በሰላም ይቀመጣል፤ ነገ የሚፈልገው ሰው ሲመጣ ያገኘዋል። ችግሩ ሠራተኛው የግድግዳውን ብረት በክፈፉ መሐል በምስማር ሲመታው ነው። እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከዚያ ወዲያ ያው መሸፈን ሳይሆን መቅበር ነው። ዝቅ አድርጎ ግድግዳው ላይ እንዲመታ አስቀድማችሁ ንገሩት። ሰው የሚያሾልክ መክፈቻም አስተዉ።

አራተኛው መንገድ ሁሉንም አውርዶ እንደገና መሥራት ነው። ሞራሌው ከተበላ ወይም ኮርኒሱ ድሮ እንደሚደረገው ከተወጠረ አቡጀዲ የተሠራና ያለቀለት ከሆነ ሌላ አማራጭ ላይኖር ይችላል። እንደዚያም ቢሆን የክፈፉን ግማሽ ሜትር ቁራጭ አስቀሩ፣ ፎቶ አንሱ። ቁራጩ ካለ ቅርጹን በጂፕሰም ማስወጣት ይቻላል። ከሌለ ግን ገበያ ላይ ያለውን፣ ሁሉም ቤት ያለውን ገዝታችሁ ትለጥፋላችሁ።

ታዲያ ለምን እንጨነቃለን?

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙዎቻችን ፌስቡክ ላይ አለቀስን። የድሮ ፎቶ ለጠፍን፣ «ታሪካችን» አልን። ልቅሶው እውነት ነበር። ግን እዚያው ለቅሶ ላይ የነበርን ልጆች በየቤታችን ስንገባ የአያቶቻችንን በር በብረት፣ ወለላቸውን በሴራሚክ፣ ኮርኒሳቸውን በጂፕሰም እየለወጥን ነው። ለዚህ መንግሥትን መውቀስ አይቻልም። ግሬደሩ እኛው ነን።

እርግጥ «ጣሪያ ለሚያፈስበት ሰው ስለ ጌጥ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚል አይጠፋም። ልክ ነው። አሮጌ ቤት የሚኖርበት ሰው ሙዚየም ጠባቂ አይደለም፤ መሞቅ አለበት፣ አቧራ ሊዘንብበት አይገባም። እኛም ሁሉም ይቀመጥ አላልንም። የምንለው ልዩነቱን እንወቅ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት መንገዶች የመረጠ ጌጡን ይዞ ይኖራል። ሦስተኛውን በጥንቃቄ የሠራ ለልጆቹ አደራ ያስቀምጣል። ከሞራሌው ጤና ጋር ሳይመክር፣ ሳይወጣና ሳያይ አራተኛውን የመረጠ ግን የሚመለስ ነገር የለውም። የብዙዎቻችን ምርጫ ደግሞ ይሄ የመጨረሻው ነው፤ ስለሚሻል ሳይሆን ስለሚፈጥን።

የአያታችን ቤትስ?

ውሃው የመጣው ከአንዲት ምስማር ነው። ቆርቆሮው ላይ ያለች፣ ጎማዋ ያለቀ፣ ቀዳዳዋ የሰፋ ምስማር። እሷንና ጎረቤቶቿን ለወጥን። ሳሎኑን በአንደኛው መንገድ ሠራነው፤ የተበላሹት ጣውላዎች ሰባት ብቻ ሆነው ተገኙ። መኝታ ቤቱ ግን አቡጀዲ ነበርና አወረድነው፤ በጂፕሰም ተሠራ፣ አምሯልም።

አያታችን መኝታ ቤቱን አይተው «ደግ ነው፣ ነጭ ነው» አሉ። ከዚያ ሳሎን ገብተው ተቀመጡና ለረጅም ጊዜ ቀና ብለው ቆዩ። ምን እንደሚያዩ ስንጠይቃቸው «ባለቤቴ ክፈፉን ሲቀባ ከመሰላል የወደቀበትን ጥግ ነዋ!» አሉን። ሃምሳ ዓመት ሙሉ እዚያ ቤት ስንወጣ ስንገባ ይህን ታሪክ አንዳችንም አልሰማንም ነበር።

እናንተም ባለሙያ ከመጥራታችሁ በፊት ቀና በሉና ጠይቁ። በመጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ፤ ቀጥሎም ክፈፉን ማን እንደቀባው።