ለልጃችን የመረጥነው፣ ለሕዝብ ልጅ የነፈግነው

በየዓመቱ የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት በተነገረ ማግሥት አገሩ ሁሉ የትምህርት ሊቅ ይሆናል። በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ከተፈተኑት ተማሪዎች ግማሽና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲገለጽ ምን ያህል እንደ ደነገጥን አንረሳውም። በ2015 ዓ.ም. ቁጥሩ 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ሆነ። መሻሻል ነው ብንል እንኳ ከመቶ ልጆች ከዘጠና በላዩ የወደቁበት መሻሻል ነው። አንዱ ኩረጃን ይረግማል፤ ሌላው መምህሩን፣ ሌላው ሥርዓተ ትምህርቱን፣ ሌላው ቲክቶክን። በቴሌቪዥን መስኮት ቀርቦ ውድቀቱን የሚተነትነው ባለሥልጣንና ምሁር ግን አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ ሰምቼ አላውቅም፦ ለመሆኑ የእርስዎ ልጅ የሚማረው የት ነው?

ይህን የምጠይቀው ለሐሜት አይደለም፤ ጥያቄው የፖለቲካ ጥያቄ ስለሆነ ነው። እኔም ልጠየቅ ይገባኛልና አስቀድሜ ልመልስ፤ ሁለት ልጆቼ የሚማሩት በመንግሥት ትምህርት ቤት ነው። ይህን ማለቴ ለመመጻደቅ አይደለም፤ የዩኒቨርሲቲ መምህር ደመወዝ ሌላ ምርጫ ስለማይሰጥ ነው። በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት በመዲናችን ስላሉት ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች፣ በውስጣቸው ስለሚካሄደው ትምህርትና እኛ ከዚያ ልንወስደው ስለሚገባን ቁም ነገር ነው።

እንግዳው ትምህርት ቤት እንዴት መጣ?

እነዚህ ትምህርት ቤቶች ትናንት የበቀሉ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1924 በጄኔቭ የተከፈተው ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤት የመንግሥታት ማኅበርና የዓለም ሥራ ድርጅት ሠራተኞች ልጆች የሚማሩበት ነበር። በእኛም ከተማ ከነፃነት በኋላ የሳንፎርድ ቤተሰብ የጀመረው የእንግሊዝ ትምህርት ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1947 የተከፈተውና በአርበኛው በደጃዝማች ገብረ ማርያም ስም የተሰየመው ሊሴ፣ እ.ኤ.አ. በ1964 የአሜሪካ ኮሚዩኒቲ ትምህርት ቤት ተብሎ የተመሠረተው የዛሬው ኢንተርናሽናል ኮሚዩኒቲ ስኩል ተከታትለው ቆሙ። አዲስ አበባ እ.ኤ.አ. በ1958 የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ በ1963 ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት መቀመጫ ስትሆን የዲፕሎማት ልጅ በዛ፤ እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት የሚፈልገውም አብሮ በዛ። በዚህ መልኩ ሲታዩ ለመንገደኛ ልጅ የተሠሩ ማረፊያዎች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጉዳዩ የፖለቲካ ጉዳይ የሚሆነው የአገሬው ባለጸጋና ሹመኛ ልጁን ከመንገደኛው ጋር ማሳፈር ሲጀምር ነው።

ምን ይማራሉ? እንዴትስ ይማራሉ?

ሰው ስለነዚህ ትምህርት ቤቶች ሲያወራ የሣር ሜዳውንና የዶላሩን መጠን ያወራል። እኔን የሚያስቀናኝ ግን ሌላ ነው። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ የሚከተሉትን፣ እ.ኤ.አ. በ1968 በጄኔቭ የተመሠረተውን የኢንተርናሽናል ባካሎሬት ፕሮግራም እንመልከት። በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ተማሪው ስድስት የትምህርት ዓይነቶች ያጠናል፤ እያንዳንዱም ከ7 ይታረማል። ከዚህ በላይ ግን ሦስት ግዴታዎች አሉበት። አንደኛው፣ ራሱ በመረጠው ርእስ እስከ 4,000 ቃላት የሚደርስ የምርምር ጽሑፍ ማዘጋጀት ነው። ሁለተኛው «የዕውቀት ንድፈ ሐሳብ» የሚባለው ትምህርት ሲሆን፣ ዋና ጥያቄው «ዐውቃለሁ የምትለውን ነገር በምን ዐወቅህ?» የሚል ነው። ሦስተኛው ፈጠራን፣ የአካል እንቅስቃሴንና አገልግሎትን ያጣመረ፣ ቢያንስ አሥራ ስምንት ወር የሚዘልቅ ተግባር ነው። ለዚህ ለሦስተኛው ነጥብ አይሰጥበትም፤ ያልፈጸመው ግን ዲፕሎማውን አያገኝም። በእኛ ዘንድ ተማሪ የመጀመሪያውን የምርምር ጽሑፍ የሚጽፈው፣ ከጻፈም፣ ከዩኒቨርሲቲ ሊመረቅ ወራት ሲቀሩት ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች በአንዱ በተካሄደ የተማሪዎች የምርምር ዐውደ ርእይ ላይ ከዳኞች አንዱ ሆኜ ተጋብዤ ነበር። አንዲት የዐሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ከአቃቂ ወንዝ ገባሮች የቀዳችውን ውኃ በጠርሙስ ደርድራ፣ የለካችውን በሰንጠረዥ አስፍራ ቆማለች። «እንግዲያው ወንዙን የበከለው ፋብሪካው ነው ማለት ነዋ!» አልኋት፤ ልፈትናት ብዬ። «እንዲያ ብዬ ለመደምደም አልችልም፤ ናሙና የወሰድሁት ከአራት ቦታ ብቻ ነው፤ ያውም በአንድ ወቅት። በበጋ ብቀዳው ሌላ ውጤት ላገኝ እችላለሁ» ስትል መለሰችልኝ። ይህን መልስ በስንት የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ፈልጌ አጥቼዋለሁ! የእኔ ተማሪዎች ሰነፎች አይደሉም፤ ብዙዎቹ በረኃብና በድካም መካከል ሌሊቱን በንባብ የሚያነጉ ናቸው። ይሁን እንጂ አንድ አዲስ ሐሳብ ባነሣሁ ቁጥር ከመካከላቸው አንዱ እጁን አውጥቶ የሚጠይቀኝ «መምህር፣ ይህ ፈተና ላይ ይወጣል?» ብሎ ነው። ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያስተማርነው ይህን ጥያቄ ነውና አልፈርድበትም።

በዚያው ሰሞን ልጄ የባዮሎጂ ደብተሯን አሳየችኝ። ማይክሮስኮፕ አሳምራ ሥላለች፤ የእያንዳንዱን ክፍል ስም ጽፋለች፤ መምህሯም «በጣም ጥሩ» ብለውላታል። ማይክሮስኮፕ ግን በዓይኗ አይታ አታውቅም። መምህሯን አልወቅስም፤ ከስድሳ በላይ ልጆች በታጨቁበት ክፍል ውስጥ፣ ቤተ ሙከራው መጋዘን በሆነበት ቤት፣ ከዚህ የበለጠ ምን ያድርጉ?

አንድ ነገር ልጨምር። በዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ዘንድ የተለመደ፣ የተባበሩት መንግሥታትን ጉባኤ አስመስሎ የሚካሄድ የክርክር ክበብ አለ። ተማሪው የሚወክለው ብዙውን ጊዜ የራሱን አገር ሳይሆን ሌላ አገር ነው፤ የማያምንበትን አቋም በሚገባ አጥንቶ፣ ባለቤቱ ራሱ ቢሰማው በሚያምንበት መልክ ማቅረብ ይጠበቅበታል። በፖለቲካችን ውስጥ ከሁሉ አብልጦ የጎደለን ይህ አይደለምን? የተቃዋሚያችንን ሐሳብ ሳናጣምም መናገር የማንችል ሰዎች ስለ ብሔራዊ ምክክር ስንነጋገር ዓመታት አለፉ።

ገንዘብ ብቻ ነውን?

«ይህ ሁሉ የገንዘብ ጉዳይ ነው» የሚለኝ አንባቢ እንደሚኖር ዐውቃለሁ፤ በከፊል ልክ ነው። ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች ውዶቹ በዓመት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ያስከፍላሉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ገበያው ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር ለሚከፍል ወላጅ ሸክሙ ምን ያህል እንደ ከበደ መገመት አያዳግትም። ቤተ ሙከራ፣ ቤተ መጻሕፍትና ከሃያ ብዙም የማይበልጥ ተማሪ ያለበት ክፍል ያለ ገንዘብ አይገኝም።

ጥያቄን ማክበር ግን በዶላር አይሸመትም። ለዚህ ምስክሩ የራሳችን ቅኔ ቤት ነው። በእርግጥ ንባብ ቤቱና ዜማ ቤቱ በቃል ጥናት ላይ የቆሙ ናቸው። ቅኔ ቤት የገባ ተማሪ ግን ትናንት የተባለውን ደግሞ ቢናገር ዋጋ የለውም። ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ መወድስ ሲወጣ ዕለት ዕለት አዲስ ቅኔ መቍጠር፣ በመምህሩና በጓደኞቹ ፊት ማቅረብ፣ መታረምና መነቀፍ ግዴታው ነው። ይህን የሚያደርገው ደግሞ ቍራሽ ለምኖ የሚያድር፣ ደበሎ የለበሰ፣ በሣር ጎጆ የሚኖር ልጅ ነበር። ዘመናዊውን ትምህርት ስንተክል ከአባቶቻችን ቤት የንባብ ቤቱን ድግግሞሽ ወርሰን የቅኔ ቤቱን ድፍረት ጥለነው መጣን። ዛሬ ከጄኔቭ በዶላር የምንገዛው ያንኑ የጣልነውን ነው ብል የማጋነን አይመስለኝም።

አገልግሎትም ቢሆን ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1964 በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪው ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ክፍለ ሀገር ወርዶ ማገልገል ነበረበት፤ አብዛኛውም በመምህርነት አገለገለ። የከተማው ልጅ ገባሩን በዓይኑ ያየው፣ ጭሰኝነት ምን እንደሆነ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከባለቤቱ አፍ የሰማው ያኔ ነው። የዚያ ትውልድ ፖለቲካ በመልካምም በክፉም ከዚያ ልምድ ጋር የተሳሰረ ነው።

እነርሱስ ምን ጎደላቸው?

ሚዛን መጠበቅ ተገቢ ነውና የወዲያኛውን ጉድለትም እንናገር። በአጥሩ ውስጥ የሚያድጉ ስንትና ስንት ኢትዮጵያውያን ልጆች ስለ ፀጥታው ምክር ቤት አሠራር አሳምረው ይከራከራሉ፤ በቀበሌ በር ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ ግን ማንበብ ይቸግራቸዋል። ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩት በአስተርጓሚ ነው። ከሁሉ የሚያስገርመው ፕሮግራሙ ራሱ ተማሪው የአፍ መፍቻ ቋንቋውንና ሥነ ጽሑፉን እንዲያጠና የሚያበረታታ መሆኑ ነው። ስለዚህ አማርኛውን ወይም ኦሮምኛውን ከልጁ አፍ የነጠቀው ጄኔቭ አይደለም፤ «ልጄ እኮ አማርኛ አይችልም» እያለ በኩራት የሚናገረው ወላጅ ነው።

አገልግሎቱም ቢሆን አንዳንድ ጊዜ በአውቶቡስ ሄዶ፣ ደብተርና እርሳስ አድሎ፣ ፎቶግራፍ ተነሥቶ መመለስ ይሆናል። ሰጪና ተቀባይ ለአንድ ቀን ተያይተው ይለያያሉ። እንዲህ ያለው ጉብኝት አገርን በመኪና መስኮት ማየት እንጂ ማገልገል አይደለም።

የፖለቲካው ቁም ነገር

የምጣኔ ሀብት ሊቁ አልበርት ሂርሽማን እ.ኤ.አ. በ1970 ባሳተሙት ታዋቂ መጽሐፍ ውስጥ ሰዎች አንድ ተቋም ሲበላሽባቸው ሁለት መንገድ እንዳላቸው ያስረዳሉ፦ ወይ ጥለውት ይሄዳሉ፣ ወይ ውስጡ ሆነው ይጮኻሉ። ሐሳቡን የቀሰቀሰባቸው የናይጄሪያ ባቡር ነበር። የጭነት መኪና አማራጭ ሆኖ ሲመጣ አብዝተው ሊጮኹ የሚችሉት ደንበኞች ባቡሩን ጥለው ሄዱ፤ ባቡሩም ጯኺ በማጣቱ እየባሰበት ሄደ። ሊቁ ይህንኑ በመንግሥትና በግል ትምህርት ቤቶች ላይ አሳይተዋል።

የእኛ ታሪክ ይኸው ነው። አንድ ሚኒስትር፣ አንድ ጄኔራል፣ አንድ ባንክ የሚያንቀሳቅስ ባለሀብት ልጁን በሰፈሩ መንግሥት ትምህርት ቤት ቢያስገባ፣ የዚያ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ስንት ሳምንት ተዘግቶ የሚቆይ ይመስላችኋል? የስልክ ጥሪው ብቻ ይከፍተዋል። ዛሬ ግን መደወል የሚችለው ልጁን ይዞ ወጥቷል፤ ልጁን ይዞ የቀረው የሚደውልበት ቁጥር የለውም። አንድን ወላጅ ለልጁ የሚሻለውን በመምረጡ አልኮንነውም። የምኮንነው፣ የሚወስነው ሰው የወሰነውን የማይቀምስበትን ሥርዓት ነው። ወጥ ሠሪዋ ከማትቀምሰው ድስት ጨው ቢጎድል ማን ይነግራታል?

ምን ይደረግ?

አንደኛ፣ እያንዳንዱ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ከመጨረሱ በፊት በሚችለው ቋንቋ፣ ስለ ሰፈሩ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ራሱ ጠይቆና መርምሮ አንድ ረጅም ጽሑፍ ጽፎ በቃል ይመርመርበት። ወረቀትና እስክሪብቶ እንጂ ዶላር አይጠይቅም። በ2008 ዓ.ም. ፈተና አስቀድሞ ወጥቶ የተሰረዘባት፣ ኩረጃን ሽሽት ተማሪዎቿን በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ሰብስባ የምትፈትን አገር ለትምህርት ቤት በሚሰጥ ነጥብ ላይ እምነት እንደማይኖራት እረዳለሁ። ስለዚህ ጽሑፉ ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ አይቈጠር፤ ሳይጽፉ መጨረስ ግን አይፈቀድ።

ሁለተኛ፣ ዓለም አቀፍ ትምህርት ቤቶች ቤተ ሙከራቸውንና ቤተ መጻሕፍታቸውን ቅዳሜ ቅዳሜ ለጎረቤት የመንግሥት ትምህርት ቤት ተማሪዎች ይክፈቱ። ልጆቹም በምጽዋት ሳይሆን በጋራ ሥራ ይገናኙ። ያቺ ልጅ የአቃቂን ውኃ በአንድ ወቅት ብቻዋን ከምትቀዳ፣ የወንዙ ዳር ልጆች በበጋም በክረምትም አብረዋት ቢቀዱ ጥያቄዋ መልስ ባገኘ ነበር።

ሦስተኛ፣ በአዋጅ ቁጥር 668/2002 ሹማምንት ሀብታቸውን እንዲያስመዘግቡ ተደንግጓል። የትምህርት ጉዳይ የሚወስኑ ሹማምንት ደግሞ ልጆቻቸው የሚማሩበት የትምህርት ቤት ዓይነት፣ መንግሥታዊ፣ የግል ወይስ ዓለም አቀፍ መሆኑ፣ አብሮ ይገለጽ። የልጆቹ ስምም ሆነ የትምህርት ቤቱ ስም አያስፈልገንም። ማንም አይከለከል፣ ማንም አይቀጣ፤ ሕዝቡ ብቻ ይወቅ። አንድ ባለሥልጣን «የትምህርት ጥራት ተሻሽሏል» ሲለን በዚያው ጥራት የራሱን ልጅ አምኖ መስጠት አለመስጠቱን ማወቅ መብታችን ነው።

እስከዚያው የእኔ ልጅ የማይክሮስኮፑን ክፍሎች በቃሏ ትወጣቸዋለች። ለፈተና ይወጣል ተብላለችና።

ቸር እንሰንብት።