ሰነዱ ተለጥፏል፤ ማን ያንብበው?

አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ክፍት የሥራ ቦታ አለው እንበል። ማስታወቂያው በኮምፒዩተር ይተየባል፣ ይታተማል፣ ኃላፊው ይፈርምበታል፣ ማኅተም ያርፍበታል። ከዚያም በስካነር ወይም በስልክ ካሜራ ፎቶ ይነሳና በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ ይለጠፋል። ለአብዛኛው አንባቢ ጉዳዩ እዚህ ላይ ያበቃል። የሕግ ዲግሪ ያለው፣ ማየት የተሳነው አመልካች ግን ጽሑፍን በድምፅ የሚያነብለትን ሶፍትዌር ሲያስነሳ የሚነገረው እዚያ ቦታ ላይ ምስል መኖሩ ብቻ ነው። የሥራ መደቡን፣ ደመወዙንና የምዝገባውን ቀን ለማወቅ የሚያነብለት ሰው መፈለግ አለበት። ሰው እስኪገኝ ምዝገባው ሊያበቃ ይችላል።

ልብ ሊባል የሚገባው፣ ያው ማስታወቂያ ገና ሲተየብ በድምፅ ሊነበብ የሚችል እንደነበር ነው። የማይነበብ ያደረገው የመሥሪያ ቤቱ አሠራር ነው። በአገራችን የአካል ጉዳተኞች መረጃ የማግኘት መብት በተነሳ ቁጥር የሚቀድመው መልስ «አቅም የለንም» የሚል ነው። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው፣ በድረ ገጾችና በቤተ መጻሕፍት ረገድ ከችግሩ ሰፊው ክፍል የአቅም ሳይሆን የልማድ ነው በሚል ነው።

ሕጉ ምን ይላል?

ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት የአካልና የአእምሮ ጉዳተኞችን የመርዳት ግዴታ እንዳለበት ሲደነግግ፣ ግዴታውን ከአገሪቱ አቅም ጋር አያይዞታል። ይህች «አቅም በፈቀደ» የምትል ሐሳብ ለብዙ ኃላፊዎች ማምለጫ ሆናለች። ይሁን እንጂ ነገሩ እዚያ ላይ አልቆመም። ኢትዮጵያ የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት በ2002 ዓ.ም. አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት ሲናገር ሕንፃና መንገድን ብቻ ሳይሆን የመረጃ ቴክኖሎጂንና ኢንተርኔትንም በስም ይጠቅሳል። አንቀጽ 21 ለሕዝብ የሚሰጥ መረጃ አካል ጉዳተኞች ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ እንዲቀርብ፣ አንቀጽ 30 ደግሞ ቤተ መጻሕፍትን ጨምሮ የባህል አገልግሎቶች ክፍት እንዲሆኑላቸው ይጠይቃሉ። ኢትዮጵያ ያጸደቀቻቸው ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የአገሪቱ ሕግ አካል መሆናቸውን የሚናገረው ደግሞ ያው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 9 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው።

ሌላው የሚቀርብ ምክንያት «ተጠቃሚዎቹ ጥቂት ናቸው» የሚል ነው። የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ያገኘው የአካል ጉዳተኞች ብዛት 864,218 ነበር፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ከ1 በመቶ ትንሽ ከፍ ይላል። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ በዓለም 1.3 ቢሊዮን፣ ማለትም 16 በመቶ ያህል ሕዝብ ጉልህ የአካል ጉዳት እንዳለበት ይገምታል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት በአብዛኛው የአቆጣጠር ልዩነት ነው። «በቤቱ ውስጥ አካል ጉዳተኛ አለ ወይ?» ተብሎ ለተጠየቀ ቤተሰብ ዓይናቸው የደከመ አያት አካል ጉዳተኛ ሆነው አይታዩትም። ድረ ገጹን ማንበብ ያቃታቸው ግን እሳቸውም ናቸው።

የመጻሕፍት ረሃብ

የዓለም ዓይነ ስውራን ኅብረት ለዓመታት ሲያሰማው የኖረው አቤቱታ «የመጻሕፍት ረሃብ» የሚል ነው። በዓለም ላይ ከሚታተሙ መጻሕፍት ውስጥ በብሬል፣ በድምፅ ወይም በጎላ ፊደል የሚዘጋጁት ከ10 በመቶ በታች ናቸው ይላል። ለአማርኛ መጻሕፍት ረሃቡ ይጠናል። በአማርኛ ብሬል አንዱ የግዕዝ ፊደል በብዛት የሚጻፈው ተነባቢውና አናባቢው ተለያይተው በሁለት ምልክት ስለሆነ፣ መካከለኛ የሚባል ልብ ወለድ እንኳ ወደ ብሬል ሲገለበጥ ብዙ ጥራዝ ይወጣዋል። በዚህም የተነሳ ማየት የተሳናቸው ተማሪዎቻችን ለብዙ ዓመታት የተማሩት ጓደኛ እያነበበላቸው ወይም በካሴት እየቀዳላቸው ነው። የንባብ ሰዓታቸውም የሚወሰነው በሌላ ሰው ትርፍ ጊዜ ነበር።

ዛሬ ግን መጽሐፍ በኮምፒዩተር ይተየባል። ፋይሉ በደራሲው ወይም በማተሚያ ቤቱ እጅ አለ። ኤንቪዲኤን የመሰሉ በነፃ የሚገኙ የድምፅ ንባብ ሶፍትዌሮችም አማርኛን የሚያነብ ድምፅ አላቸው፤ ድምፁ የማሽን ቢሆንም ለለመደው ጆሮ ይገባል። የጎደለው ፋይሉን በሕጋዊ መንገድ ከደራሲው ወደ አንባቢው የሚያደርሰው ድልድይ ነው።

ለዚህ ድልድይ የሚሆን መሠረት ከተጣለ ቆይቷል። በ1936 ዓ.ም. የተቋቋመውና ብዙዎቻችን ወመዘክር እያልን የምንጠራው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት፣ በ1991 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 179 መሠረት በአገሪቱ ከሚታተሙ ሥራዎች ቅጂ ገቢ ይደረግለታል። ከወረቀቱ ቅጂ ጋር የተተየበው ፋይልም ገቢ እንዲሆን ቢደረግ፣ ተቋሙ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ማየት ለተሳናቸው አንባቢዎች ከፍተኛ የመጻሕፍት ክምችት ይኖረው ነበር። ወጪው አንድ ሰርቨርና ጥቂት የሠለጠኑ ባለሙያዎች ነው።

የደራሲያን ስጋት

እዚህ ላይ ደራሲያንና አሳታሚዎች የሚያነሱት ስጋት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። መጽሐፍ በወጣ በሳምንቱ ገጾቹ ፎቶ እየተነሱ በቴሌግራም ሲናኙ ያዩ ሰዎች «ፋይሉን ስጡ» ሲባሉ ቢደነግጡ አይፈረድባቸውም። ደራሲ በሥራው መኖር አለበት።

ሆኖም የማራካሽ ስምምነት የተጻፈው ይህንኑ ሁለት ወገን ለማስታረቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የተፈረመውና ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. አባል የሆነችበት ይህ ስምምነት፣ ማየት የተሳናቸው፣ በንባብ መታወክ ምክንያት የታተመ ጽሑፍ ማንበብ የሚቸግራቸው ወይም በአካል ጉዳት ምክንያት መጽሐፍ መያዝና መግለጥ የማይችሉ ሰዎች ሊጠቀሙበት በሚችሉት መልክ ቅጂ እንዲዘጋጅላቸው ይፈቅዳል። ሥራውን የሚሠሩት ዕውቅና ያላቸው ተቋማት ናቸው፤ ቅጂውም የሚሰጠው ለእነዚሁ ተጠቃሚዎች ብቻ ነው። ቅጂዎች ድንበር መሻገርም ይችላሉ። አሜሪካና የአውሮፓ ኅብረት የስምምነቱ አባላት ስለሆኑ፣ እዚያ የተዘጋጀ የእንግሊዝኛ የሕክምና ወይም የሕግ መጽሐፍ ወደዚህ፣ እዚህ የተዘጋጀ የአማርኛ መጽሐፍም ዋሽንግተን ላለ ማየት የተሳነው ወገናችን ሊደርስ ይችላል።

የሚያስገርመው ደግሞ ዓይናማው አንባቢ ከቴሌግራም የሚያወርደው ሕገወጥ ቅጂ እንኳ በአብዛኛው የገጽ ፎቶ መሆኑ ነው። ሕጋዊውን ቅጂ የተነፈገው ሰው ከተሰረቀውም አይጠቀምም።

ድረ ገጽም መግቢያ አለው

የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 በ2001 ዓ.ም. ሲወጣ የሕዝብ መገልገያ ሕንፃዎች በተሽከርካሪ ወንበር ለሚንቀሳቀሱ ሰዎች የሚሆን መግቢያ እንዲኖራቸው ደንግጎ ነበር። አፈጻጸሙ የቱን ያህል እንደሄደ ደረጃ እየቆጠረ የሚወጣ ሁሉ ያውቀዋል። የቆመ ሕንፃን አፍርሶ መግቢያ መሥራት፣ አሳንሰር ማስገባት፣ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ መቅጠር በእርግጥም ገንዘብ ይጠይቃል። ድረ ገጽን ማስተካከል ግን ከዚህ እጅግ የቀለለ ነው።

ደረጃውም ቢሆን አዲስ አይደለም። ዓለም አቀፉ የድረ ገጽ ደረጃ አውጪ ተቋም የተደራሽነት መመሪያውን ለመጀመሪያ ጊዜ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1999፣ ሁለተኛውን ደግሞ በ2008 ነው። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው፦ ለእያንዳንዱ ምስል ምንነቱን የሚናገር አጭር ጽሑፍ ይኑረው፤ ገጹ ያለ ማውዝ፣ በኪቦርድ ብቻ ይሠራ፤ ቪዲዮ መስማት ለተሳናቸው የግርጌ ጽሑፍ ይኑረው፤ ፊደሉ ከመደቡ ተለይቶ ይታይ።

በእኛ አገር ሁለት ነገሮች ይጨመሩበታል። አንደኛው ገጹ በአማርኛ የተጻፈ መሆኑን በኮዱ ውስጥ ማመልከት ነው፤ ካልተመለከተ አንባቢው ሶፍትዌር በእንግሊዝኛ ድምፅ ሊሞክረው ይችላል። ሁለተኛው የፊደል ጉዳይ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ሶፍትዌሮች የተተየበ ሰነድ ለዓይን አማርኛ ይምሰል እንጂ ለኮምፒዩተሩ የላቲን ፊደላትና ምልክቶች ድብልቅ ነው። ስለዚህ በድምፅ ሲነበብ ትርጉም የለሽ ይሆናል፤ በፍለጋም አይገኝም። የቆዩ ሰነዶችን ወደ ዩኒኮድ መመለስ የሚጠቅመው ማየት ለተሳነው ብቻ ሳይሆን ማኅደር ለሚያገላብጥ ተመራማሪ፣ ጋዜጠኛና ጠበቃ ሁሉ ነው።

ባለቤት ያጣ ግዴታ

ታዲያ ሕጉ ካለ፣ ቴክኖሎጂው ካለ፣ ወጪውም ያን ያህል ካልሆነ ለምን አይሠራም? ዋናው ምክንያት ባለቤት ማጣቱ ነው። ጉዳዩ በማኅበራዊ ጉዳይ በኩል ሲታይ የቴክኖሎጂ፣ በቴክኖሎጂ በኩል ሲታይ የማኅበራዊ ጉዳይ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ዘንድ ሲደርስ ደግሞ የበጀት ይሆናል። የሁሉም የሆነ ሥራ የማንም አይሆንም። የአሜሪካ ፍትሕ ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2024 የሕዝብ ቤተ መጻሕፍትን ጨምሮ ለክልልና ለከተማ አስተዳደር ድረ ገጾች ደንብ ሲያወጣ፣ የትኛው ደረጃ መሟላት እንዳለበት ለይቶ አስቀምጧል። የእኛ ሕጎች የጎደላቸው ይህ ነው፤ መብቱን ይናገራሉ፣ ማን ምን እስከ መቼ እንደሚሠራ ግን አይናገሩም።

ስለዚህ ሦስት ነገሮች አስቸኳይ ናቸው። የመንግሥት ድረ ገጾች የሚመሩበት አስገዳጅ የተደራሽነት ደረጃ ይውጣ፤ አዲስ ድረ ገጽ የሚያሠራ መሥሪያ ቤትም ደረጃውን በጨረታ ሰነዱ ውስጥ ያካት። የማራካሽ ስምምነት በማስፈጸሚያ ሕግ ወደ ሥራ ይግባ፤ ወመዘክርና እንደ ኢትዮጵያ ዓይነ ስውራን ብሔራዊ ማኅበር ያሉ አካላት ቅጂ አዘጋጅተው እንዲያሰራጩ ዕውቅና ይሰጣቸው። ሲዘጋጅም ሲፈተሽም ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ይገኙ።

ሕግ እስኪወጣ ሊጠበቅ የማይገባው ደግሞ አንድ ነገር አለ። ማኅተም ያረፈበትን ቅጂ በምስል የሚለጥፍ የሕዝብ ግንኙነት ባለሙያ፣ ከጎኑ የተተየበውን ጽሑፍ ለመለጠፍ የሚፈጅበት ጊዜ ሁለት ደቂቃ ነው። ለዚህ በጀት አያስፈልግም። ይህንንም ካላደረግን «አቅም የለንም» የሚለውን ምክንያት ለሌላው ሥራ ማቅረብ ያሳፍራል።