አያቴ አልጋ ቁጥር 9 አይደለችም

ባለፈው እትም ስለ ንጽሕና ጽፌ ነበር። ዛሬ ግን ሆስፒታል ውስጥ ባየሁት ነገር ላይ አስተያየቴን ልንገራችሁ።

በክረምቱ እረፍት አያቴ ታማ ከሁምቦ አመጣናት። አንድ ሆስፒታል ተኛች (ስሙን አልጽፍም፣ ጥሩ ሰዎችም አሉበት)። እኔ ነኝ ያስታመምኳት። አያቴ የምትችለው ወላይትኛ ብቻ ነው። ጠዋት ጠዋት ሐኪሞቹ ሲዞሩ በአማርኛ "አልጋ 9 እንዴት አደረች?" ይባባላሉ፤ እሷን የሚጠይቃት የለም። አንዷ ነርስ ደግሞ መጋረጃውን ሳትዘጋ፣ የሌላ ታማሚ ጠያቂዎች ቆመው እያዩ፣ "አንቺ፣ ልብስሽን ግለጪ" አለቻት። አያቴን እኔ አንቺ ብላት የልጅ ልጇ ነኝ። እሷን ግን በሰፈሯ ትልልቅ ሰዎች እንኳ ከመቀመጫቸው ተነስተው ነው ሰላም የሚሏት። ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች።

ከዚያ በኋላ ምን ሆነ መሰላችሁ? ዝም አለች። ክኒኑ ስለሚያስመልሳት እየደበቀች በነጠላዋ ጫፍ ትቋጥረው ነበር። ነጠላዋን ላጥብ ስል ሦስት ፍሬ አገኘሁ! "ለማንም እንዳትናገር፣ ይቆጡኛል" ብላ ለመነችኝ። ሐኪሙ ግን ለምን እንዳልተሻላት ግራ ገብቶት ነበር።

በአራተኛው ቀን ሌላ ነርስ መጣ። አጠገቧ ጎንበስ ብሎ "ሳሮ" አላትና በወላይትኛ ስሟን ጠየቃት፣ የራሱንም ነገራት። ወዲያው ሁሉንም አወራችው። መድኃኒቱ ተቀየረላት።

ስለዚህ እኔ የምለው፣ አክብሮት ራሱ ሕክምና ነው። ያፈረ ሰው አይናገርም፤ ካልተናገረ ሐኪሙ በምን ያውቃል? ነርሶቹ እንደሚደክማቸው አይቻለሁ፣ ከአልጋ አልጋ ሲሮጡ ነው የሚውሉት። ግን መጋረጃ መሳብ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? ጤና ሚኒስቴርም ባለሙያዎች ርኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ይሁኑ ብሏል።

ደግሞ ይቻላል። ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ በ1951 ዓ.ም. ከአውስትራሊያ መጥተው በኋላ አዲስ አበባ የፊስቱላ ሆስፒታል አቋቋሙ። እዚያ የሚታከሙት በምጥ ተጎድተው ሽንት የሚያመልጣቸው፣ ብዙዎቹም ባል የፈታቸውና ጎረቤት የሸሻቸው ሴቶች ናቸው። ቀድመው የዳኑት አዲስ የመጡትን ያስታምማሉ፤ ድነው ሲወጡ አዲስ ቀሚስ ይለብሳሉ። ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼም ማንበብ ሳይችሉ ታካሚ ሆነው ነው ወደ ሐምሊኖቹ የመጡት። አልጋ ከማንጠፍ ጀምረው ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ደረሱ። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ከሐምሊኖቹ ጋር ከለንደን የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸለሙ። በአልጋ ቁጥር ብቻ ቢጠሯቸው ኖሮ ይህን ችሎታቸውን ማን ያይ ነበር?

እኛስ? "ወደፊት ምን መሆን ትፈልጋላችሁ?" ስንባል የክፍላችን ግማሹ "ዶክተር!" ይላል። ነገር ግን አንዲት ልጅ ከሆስፒታል ስትመለስ "በሽተኛዋ" የሚል ስም ወጣላት። እኔም ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ልጅቷ ከዚያ ወዲህ በእረፍት ሰዓት ከክፍል አትወጣም።

አያቴ አሁን ድናለች። ሁምቦ በሄድኩ ቁጥር ስለዚያ ነርስ ትጠይቀኛለች፣ ስሙን እየጠራች።

ከ7ኛ "ለ"፣ የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል