የሩዝ ደብተርና የቡና ደረሰኝ

«ቡና የሚያበቅለው እኛ ብቻ ነን ወይስ ሌላም አለ? ዋጋውንስ ማነው የሚያወጣውና የሚያወርደው?» ሲሉ አንድ አባት ባለፈው ሳምንት በማታው ትምህርት ላይ ጠየቁኝ። ሌላም አለ። በዓለም ላይ ብዙ ቡና በማምረት አንደኛዋ ብራዚል ናት፤ ሁለተኛዋ ቬትናም ናት። የብራዚልን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ስለዚህ ዛሬ ወደ ቬትናም ገበያ እንሂድ። የምጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቬትናም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ባሕር ዳር የተዘረጋች ረጅምና ቀጭን አገር ናት። ስፋቷ የኢትዮጵያን ሲሶ አያህልም። ሕዝቧ ግን በ2023 መቶ ሚሊዮን ሞልቷል። የአገሩ ሰዎች መሬታቸውን በሸክም ይመስሉታል። እነሱ ዘንድ ሴቶች ዕቃ የሚሸከሙት በቀርከሃ ነው። ቀርከሃው በትከሻ ላይ ይጋደማል፤ በሁለቱ ጫፍ ሁለት ቅርጫት ይንጠለጠላል። በሰሜን የቀይ ወንዝ ሜዳ አንዱ ቅርጫት ነው። በደቡብ የሜኮንግ ወንዝ ሜዳ ሁለተኛው ነው። ሁለቱም በሩዝ የተሞሉ ናቸው። መካከለኛው ቀጭን መሬት ቀርከሃው ነው። ሩዝ ለእነሱ እንደ እኛ እንጀራ ነው። «ምግብ በላን» ለማለት «ሩዝ በላን» ይላሉ።

ታዲያ ሁለት ቅርጫት ሩዝ ያለው ሕዝብ አንድ ጊዜ ሩዝ አጥቶ ነበር።

ረጅሙ ጦርነት በ1975 አለቀ። ከዚያ በኋላ ንግዱን መንግሥት ያዘው። የከተማ ሰው ሩዙን፣ ሥጋውን፣ ጨርቁን፣ ሳሙናውን የሚገዛው በኩፖን ሆነ። ለሩዝ ደግሞ የቤተሰብ ደብተር ነበረው። በደብተሩ ላይ ለወሩ የተፈቀደው ኪሎ ይጻፋል። ሰው ገና ሳይነጋ ይሰለፋል። ቆሞ መጠበቅ ያልቻለ በቦታው ጡብ ወይም ድንጋይ አስቀምጦ ይሄዳል፤ ድንጋዩ ተራ ይጠብቅለታል። ሩዙ ስለማይበቃ ከስኳር ድንችና ከካሳቫ ጋር እየተቀላቀለ ይበላ ነበር። ደብተሩ የጠፋበት ሰው ግን ወዮለት! እስከ ዛሬ ድረስ በጣም የከፋውን ሰው ሲያዩ «ፊቱ የሩዝ ደብተር የጠፋበት ሰው ይመስላል» ይላሉ።

ሩዙ ለምን ጠፋ? ጦርነቱ አገሩን አቃጥሎታል። አሜሪካም እስከ 1994 ድረስ ከቬትናም ጋር ንግድ ከልክላ ነበር። እኔ ግን ትልቁ ምክንያት ማሳው ላይ ነበር እላለሁ። ገበሬው የሚያርሰው በኅብረት ሥራ ማኅበር ነበር። ጠዋት ደወል ይደወላል፤ ሁሉም ይወጣል። ለዋለበት ቀን ነጥብ ይጻፍለታል። የተጋውም የሰነፈውም የሚያገኘው ነጥብ አይራራቅም። ትርፍ ሩዝ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ወስዶ እንዳይሸጥ በመንገድ ላይ ኬላ አለ። ሕዝቡ ይህን ዘመን «ወንዝ መዝጋት፣ ገበያ መከልከል» ብሎ ይጠራዋል። ኬላና ኮታ ምን እንደሆኑ ለእናንተ ለታላላቆቼ ማስረዳት አያስፈልገኝም። በእኛም አገር የእህል ንግድ ከኬላ የተላቀቀው በ1990 ነው።

አንድ ሰው ግን ቀደም ብሎ ነገሩ ገብቶት ነበር። ስሙ ኪም ንጎክ ይባላል። በሰሜን ቬትናም ቪን ፉክ በሚባል ክፍለ ሀገር የፓርቲው ሹም ነበር። በ1966 ማሳውን ለየቤተሰቡ በውል እንዲሰጥ አደረገ። ውሉ ቀላል ነው፤ የተስማማህበትን አስረክብ፣ የተረፈው ያንተ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሹሙ በአለቆቹ ተወቀሰ፤ ሥራውም ቆመ። በ1979 ሞተ። በ1981 መንግሥት ያንኑ የመሰለ ውል በመላው አገር ፈቀደ። ሰውየው ይህን አላየም።

ነገሩ ግን በዚያ አላበቃም። በ1986 የዕቃ ዋጋ በአንድ ዓመት ውስጥ ከ700 በመቶ በላይ ናረ። በመቶኛ ተምረናል፤ አስሉት። 1 ብር የነበረ ዕቃ ከ8 ብር በላይ ሆነ ማለት ነው። በዚያው ዓመት መጨረሻ ፓርቲው በጉባኤው ላይ «ዶይ ሞይ» የተባለውን መንገድ አወጀ። ትርጉሙ «ማደስ» ነው። በ1988 ማሳው ለቤተሰብ በረጅም ጊዜ ተሰጠ። መሬቱ ዛሬም የሕዝብ ነው፤ ገበሬው የመጠቀም መብት አለው እንጂ ባለቤቱ አይደለም። በ1989 ቬትናም ከ1 ሚሊዮን ቶን በላይ ሩዝ ወደ ውጭ ሸጠች። በ2023 የሸጠችው 8 ሚሊዮን ቶን ደረሰ። 1 ቶን 10 ኩንታል ነው።

የዛሬው የቬትናም ሸማች በሞተር ሳይክል ይሄዳል። የተመዘገቡት ሞተሮች ከ70 ሚሊዮን በላይ ናቸው። አባት ይነዳል፣ እናት ከኋላ፣ ልጅ መሐል፤ ከዚያ ላይ የሩዝ ከረጢት ወይም የታሰረ ዶሮ ይጨመራል። ገበያውም እንደ እኛው ቅዳሜ ገበያ ዋጋ የሚከራከሩበት ነው። በሜኮንግ ሜዳ ደግሞ በወንዝ ላይ የሚቆም ገበያ አለ። ሻጩ ጀልባው ላይ ረጅም እንጨት ያቆማል። ዱባ የሚሸጥ ዱባ ይሰቅላል፤ አናናስ የሚሸጥ አናናስ ይሰቅላል። ማንበብ የማይችልም ከሩቅ አይቶ ይመጣል። የዘንባባ ቅጠል ከተሰቀለ የሚሸጠው ራሱ ጀልባው ነው! የወንዙ ገበያ ግን መንገድና ድልድይ ስለተሠራ እየቀዘቀዘ ነው።

ገንዘቡ በብዛት የሚመጣው ግን ከፋብሪካ ነው። ስልክ፣ ልብስና ጫማ ይሠራሉ። የኮሪያው ሳምሰንግ ብዙ ስልኮቹን የሚገጣጥመው በሰሜን ቬትናም ነው። ሠራተኞቹ ከገጠር የመጡ ወጣቶች ናቸው፤ አብዛኞቹም ሴቶች። ከወር ደመወዛቸው ቆርጠው ለወላጆቻቸው ይልካሉ። በ1993 ከመቶ ሰው 58ቱ ድሃ ነበሩ፤ ዛሬ ከመቶ 5 እንኳ አይሞሉም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ይሁን እንጂ ፋብሪካዎቹ በብዛት የውጭ ሰዎች ናቸው፤ ትርፉም አብሯቸው ይሄዳል።

አሁን ወደ ቡናው። የእኛ ቡና አረቢካ ይባላል። የእነሱ በብዛት ሮቡስታ ነው፤ መራራ ነው፣ ብዙ ያፈራል፣ ዋጋው አብዛኛውን ጊዜ ከአረቢካ ያንሳል። የአረቢካ ዋጋ በኒውዮርክ፣ የሮቡስታ ዋጋ በለንደን ገበያ ይወጣል። ቆይዎቹ ሁለቱን ስለሚቀላቅሉ አንዱ ሲረክስ ሌላውን ይጎትተዋል። አባቴ፣ የጥያቄዎ መልስ ግማሹ ይህ ነው።

በ1994 በብራዚል ውርጭ ቡናውን መታው። ዋጋ ጣራ ነካ። በዳክ ላክ ደጋ ያሉ የቬትናም ገበሬዎች ይህን አይተው ጫካውን እየመነጠሩ ቡና ተከሉ። ውኃ ከጉድጓድ እየሳቡ አጠጡ። ከአንድ ሄክታር 25 ኩንታልና ከዚያም በላይ አገኙ። ብራዚልም መልሳ ተከለች። ዓለም መጠጣት ከሚችለው በላይ ቡና መጣ። በ2001 ዋጋው ወደቀ፤ በቬትናም አንድ ኪሎ ከ10,000 ዶንግ በታች ሆነ። ዶንግ ገንዘባቸው ነው። ብዙዎች ቡናቸውን ቆረጡ። በዚያው ዘመን በሐረርጌም ገበሬው ቡናውን ነቅሎ ጫት ተክሏል። ሁለቱ ገበሬዎች አይተዋወቁም፤ የመታቸው ዱላ ግን አንድ ነው።

በ2024 ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ድርቅ ነበር። ብዙ ገበሬም ቡናውን ትቶ ለቻይና የሚሸጥ ዱሪያን የተባለ እሾሃም ፍሬ ተክሎ ነበር። የቡናው ዋጋ በኪሎ ከ100,000 ዶንግ በላይ ወጣ። 1 ዶላር በዚያን ጊዜ 25,000 ዶንግ ገደማ ነበር። አካፍሉት፤ 4 ዶላር ይሆናል። ቡናውን ያልቆረጠው ቤት ሠራ፣ ሞተር ገዛ። የቆረጠው አዘነ።

ከሁሉም ያዘነ ግን ሌላ ነው። ብዙ ገበሬ ጥሩ መጋዘን የለውም። ስለዚህ ቡናውን ለመንደሩ ሰብሳቢ ነጋዴ በአደራ ይሰጣል። ነጋዴው ደረሰኝ ይጽፍለታል። ገበሬው ዋጋው ደስ ባለው ቀን ሄዶ «ዛሬ ቁረጥልኝ» ይላል፤ በዚያን ቀን ዋጋ ይከፈለዋል። በሩቁ ጥሩ ይመስላል። ነገር ግን አንዳንዱ ነጋዴ የአደራውን ቡና ቀደም ብሎ ሸጦ ገንዘቡን ለሌላ ነገር ያውለዋል። ዋጋው ሲወጣ መክፈል ያቅተዋል፤ ሱቁን ዘግቶ ይጠፋል። በዳክ ላክና በአጎራባቾቹ ይህ ብዙ ጊዜ ደርሷል። ገበሬው በተዘጋው በር ላይ ደረሰኙን ይዞ ይቆማል። ኪሎው ተጽፏል። የነጋዴው ስም ተጽፏል። ዋጋው ግን ያልተቆረጠ ነው።

የጥያቄውን ሌላ ግማሽ፣ የእኛን ቡና ከማሳ እስከ አዲስ አበባ ማን ማን እንደሚነካው፣ በሳምንቱ እንጽፋለን። ደረሰኝ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ አብረን እናነባለን። የሳምንት ሰው ይበለን።