ልብስና ልክ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በዲላና በያቤሎ፣ ኋላም በሜጋ በኩል ወርዶ፣ ከ700 ኪሎ ሜትር የሚበልጠውን ጎዳና ፈጽሞ ሞያሌ የደረሰ መንገደኛ፣ ዓይኑ አስቀድሞ የሚሻው በ1907 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያና በእንግሊዝ መንግሥታት መካከል በተፈረመው ውል የተወጠነውን ወሰን ነው፤ ዳሩ ግን ወሰኑን በሰው መልክ ወይም በሰው አንደበት ላይ ቢፈልገው አያገኘውም፤ ቦረናውም ገሪውም ቡርጂውም በወዲህም በወዲያም ይኖራልና። እኔም ወደ ኬንያው ወገን ተሻግሬ በጎዶማ ጥቂት ቀናት በሰነበትሁ ጊዜ፣ ስለ ወሰን ከቤቴ ተሸክሜ የመጣሁትን ሐሳብ ሁሉ ያስረሳኝ፣ ከመንገድ ዳር ቆሜ ያየሁት የአንድ ሞተረኛ ልብስ ነበር።

ሞተረኛው፣ በዚያ አገር አጠራር ቦዳ ቦዳው፣ ምናልባት ከአውሮፓ ከተሞች በአንዱ ለክረምት ውርጭ የተሰፋውን፣ ወገቡ የጠበበና ቁልፎቹ ወርቅማ የሆኑ የሴት ካፖርት፣ ቁልፉ በጀርባው በኩል እንዲውል አዙሮ ለብሶ፣ ቀዩን አቧራ እያስነሣ ሲመጣ፣ ለመሣቅ የተዘጋጀው አፌ ሳይከፈት ቀረ፤ ሰውየው በዚህ አለባበሱ ነፋስና አቧራ በደረቱ የሚገባበትን ቀዳዳ ሁሉ የዘጋ ከመሆኑም በላይ፣ የካፖርቱን ጥቁር ሰማያዊ ቀለም በአንገቱ ከጠመጠመው ሻሽ ጋር አስማምቶት ነበርና። ተቸግሮ ለብሶት ይሆናል፤ መርጦ እንደ ለበሰው ግን ጥርጥር የለኝም።

በባሕር ማዶ ተለብሶና ተጥሎ፣ ከዚያም ታስሮ በመርከብ የሚመጣውን ይህን ዐይነት ልብስ የኬንያ ሰው ሚቱምባ ይለዋል፤ ትርጓሜውም በስዋሂሊ ቋንቋ ጥቅሎች ማለት ነው። ጋናዎች የሞተ ፈረንጅ ልብስ የሚል ስም አውጥተውለታል፤ ሰው በሕይወት ሳለ ይህን የመሰለ ደኅና ልብስ አውልቆ ይጥላል ብሎ ማመን አስቸግሯቸው ይመስለኛል። በዛምቢያ ደግሞ ሳላውላ ይባላል፤ ይኸውም በቤምባ ቋንቋ ከክምር ውስጥ እየበረበሩ መምረጥ ነው። እንግዲህ ኬንያው ጥቅሉን፣ ጋናው የቀድሞውን ባለቤት፣ ዛምቢያው የመራጩን እጅ እያየ ሲሰይም፣ እኛ ሰልባጅ፣ ሲከፋም ልባሽ ብለን የጨርቁን ማርጀት ብቻ በስሙ ላይ አተምንበት፤ ከእነዚህ ሁሉ ለእውነት የሚቀርበው የዛምቢያው ነው እላለሁ።

ይህን ያልሁበት ምክንያት የልብሱ ጥቅል፣ ማለትም ቦንዳው፣ ሲፈታ ቆሞ ላየ ሰው ግልጽ ነው። በናይሮቢው በጊኮምባ ገበያ በተለመደው አነጋገር፣ ከቦንዳው ውስጥ አስቀድሞ የሚለቀመው ምርጥ ልብስ ካሜራ ሲባል፣ ተመርጦ ተመርጦ በመጨረሻ የሚቀረው ግን ፋጊያ፣ ማለትም ጥራጊ ይባላል። ካሜራውን የሚወስደው ማልዶ የተነሣና ኪሱ የሞላ ነው፤ በዚህ ላይ ብዙ የምለው የለኝም። የሚያስደንቀኝ ከፋጊያው ክምር አጠገብ የምትንበረከከው ወጣት ናት፤ እርስዋ የሸሚዙን ብብት ስፌት በጣትዋ ትዳስሳለች፤ ዚፑን ከላይ እስከ ታች ሁለት ጊዜ ትስበዋለች፤ ብል በልቶት እንደ ሆነ ለማወቅ ጨርቁን ወደ ፀሐይ አንሥታ ታየዋለች፤ የኮሌታውን ጠርዝ በአውራ ጣትዋ ታሻለች፤ ከዚያም ሌላው ሰው ሦስት ጊዜ የጣለውን ሰፊ የወንድ ሸሚዝ፣ ወገቡ በመቀነት ቢታሰር ቀሚስ እንደሚሆን በሕሊናዋ ሥላ አይታ፣ ዋጋውን ተከራክራ ትሄዳለች። ሥዕል የሚሥል ሰው ሸራ ፊት ቆሞ የሚያደርገው ከዚህ እምብዛም የራቀ አይደለም። በውድ መደብር ይህን የመምረጥ ድካም ሻጩ አስቀድሞ ፈጽሞታልና፣ ገዢው የሚከፍለው ገንዘብ በከፊል ዓይኑን ሥራ ለማስፈታት የሚከፍለው ነው።

ነገር ግን ዓይን ብቻውን ልብስን ልብስ አያደርገውም፤ ልክ ያስፈልገዋል። ቋንቋችን በዚህች በአንዲት ቃል ውስጥ ብዙ ነገር አስቀምጦባታል፤ የጨርቁን መጠን ልክ እንላለን፤ እውነት የሆነውን ነገር ልክ ነው እንላለን፤ የትዕቢተኛውንም ሰው ልኩን አያውቅም እንላለን። በጎዶማ በቆርቆሮ በረንዳ ሥር የእግር መኪናውን ተክሎ የሚሠራው ልብስ ሰፊ የሦስቱም ትርጓሜ ሊቅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። ለሌላ አካል የተሰፋውን ሱሪ ወገቡን ያጠብባል፤ እግሩን ያሳጥራል፤ የኮቱን ትከሻ ፈትቶ ወደ ውስጥ ያስገባዋል፤ ደንበኛው ከሚችለው በላይ ቢመኝም፣ ይህ ለአንተ አይሆንህም ብሎ ፊት ለፊት ይናገረዋል። ለልብሱ ከተከፈለው ዋጋ ለስፌቱ የሚከፈለው የሚበልጥበት ጊዜ አለ፤ ብልህ ሰው ግን ይህን ያህል ገንዘብ በአግባቡ የሚያውልበት ሌላ ቦታ በገበያው ውስጥ አያገኝም።

አባቴ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ጸሐፊ ሆኖ ሲኖር ሁለት ነጭ ሸሚዞች ነበሩት፤ ኮሌታቸው በአንገቱ በኩል ሲያልቅ ሰፈራችን ያለው ልብስ ሰፊ ኮሌታውን ፈትቶ፣ ያላለቀውን ገጽ ወደ ላይ ገልብጦ ይሰፋለት ነበርና፣ ቢሮ ውስጥ ባለ አራት ሸሚዝ ሆኖ ይታይ ነበር። ከዚያ በኋላም ሸሚዙ አይጣልም፤ ልዋጭ እያለ በየመንደሩ የሚዞረው ሰው ሲመጣ እናቴ በላስቲክ ሳህን ወይም በኩባያ ትለውጠዋለች፤ ልብሱም ተጠጋግኖ መርካቶ ላይ ለሌላ ሰው ይሸጣል። ስለዚህ የሌላውን ሰው ልብስ መልበስ ከሞያሌ በኩል የመጣ እንግዳ ልማድ ነው የሚሉኝን ሰዎች፣ ልጅነታቸውን እንዲያስታውሱ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከአዲሱም ቢሆን ርካሹ ጨርቅ በእኛ ዘንድ የከበረ ታሪክ አለው። አያቶቻችን አቡጀዲ ብለው የለበሱት፣ በስዋሂሊ ጠረፍም መሪካኒ የተባለው ያ ያልነጣ ጥጥ፣ በዐሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት ከአሜሪካ ፋብሪካዎች እየመጣ፣ ኋላም በ1930ዎቹ እ.ኤ.አ. ቦታውን ለጃፓን ለቅቆ፣ ከደጋ እስከ ቆላ የተዳረሰ ነበር። የቤታችንንም ሽመና ብንመለከት፣ አንዲት ነጠላ ምን ያህል እንደምትናገር ማሰብ ይበቃል፤ ሴቲቱ ቤተ ክርስቲያን ስትሳለም መስቀለኛ ትለብሳታለች፤ ለቅሶ ስትደርስ ጥለቷን ወደ ላይ ታዞራታለች፤ ከታላቅ ሰው ፊት ስትቀርብ በወገብዋ ታደገድጋታለች። ሌላ ልብስ ሳትገዛ በአጣጣፍ ብቻ ደስታን፣ ኀዘንንና አክብሮትን ለይታ ትናገራለች። ከጎዶማ ሴቶች ብዙዎቹ የሚያጣፉት ሌሶ ደግሞ በጠርዙ የስዋሂሊ አባባል ታትሞበት ስለሚሸጥ፣ ለባሽዋ አፍዋን ሳትከፍት ለጎረቤትዋ ምክር ወይም ነቆራ ታቀብላለች። የእኛይቱ በእጥፋት፣ የእነርሱይቱ በጽሕፈት መናገርዋ ካልሆነ በቀር ሁለቱ እኅትማማቾች ናቸው፤ ዋጋቸውም ከሚናገሩት ጋር ሲመዛዘን ኢምንት ነው።

ሊቃውንቱ ስለ ልብስ በጻፉት ውስጥ ተግሣጽ መብዛቱን አልዘነጋም። ዮሐንስ አፈ ወርቅ በቍስጥንጥንያ መንበር ሳለ የባለጸጎችን የልብስ ትምክሕት መገሠጹ ከቤተ መንግሥቱ ካጣሉት ነገሮች አንዱ ነበረ፤ መጥምቁ ዮሐንስም የግመል ጠጕር ለብሶ በጠፍር መታጠቁ ለገዳማውያን አርአያ ሆኗል። እኔ ግን ያ ተግሣጽ ትምክሕትን ሲመታ ፍሥሐን እንዳልነካ አምናለሁ፤ እንዲያውም ተግሣጹ በጊዜያችን የሚገባው፣ ለሰርግና ለበዓል ተበድረው የሚለብሱትን፣ የታወቀ ፋብሪካ ስም በሐሰት የተለጠፈበትን ጫማ በእውነተኛው ዋጋ ገዝተው የሚኵራሩትን ነው። እንደ ቤትህ እንጂ እንደ ጎረቤትህ አትኑር ያሉት አባቶች ስለ እነዚህ የተናገሩ ይመስለኛል። ከመኪና ጎማ የተቆረጠውን በረባሶ፣ ኬንያዎች አካላ የሚሉትን፣ ጠፍሩን በቀይ ዶቃ አስጊጦ የሚሄደው እረኛ ግን የማንንም ተግሣጽ አያሻውም።

ይሁንና በሚቱምባ ላይ የሚቀርብ ክስ አለ፤ ክሱም ቀላል አይደለም። ያገለገለ ልብስ ለንግድ ወደ ኢትዮጵያ ማስገባት በሕግ የተከለከለ ስለ ሆነ፣ በኬንያ በግልጥ አደባባይ የሚሸጠው ያው ቦንዳ ወሰኑን ሲሻገር ኮንትሮባንድ ይሆናል፤ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የሁለቱ አገሮች መሪዎች የመረቁት የጋራ ኬላም ይህን አይለውጠውም። ክልከላው ያለ ምክንያት የወጣ አይደለም፤ በኬንያ ገበያው በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ለሚቱምባ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎች ተዳክመዋል፤ ሌሎቹም ተዘግተዋል። የምሥራቅ አፍሪካ መንግሥታት በ2016 እ.ኤ.አ. ልብሱን ቀስ በቀስ ለማስቀረት ቢስማሙም፣ አሜሪካ የንግድ ዕድላቸውን እንደምትነሣ ባስፈራራች ጊዜ ኬንያ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ፣ ሩዋንዳ ግን በኪሎ 20 የአሜሪካ ሳንቲም የነበረውን ቀረጥ 2 ዶላር ከ50 ሳንቲም አድርሳ ጸናች፤ በ2018 እ.ኤ.አ. አልባሳትዋ ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ የሚገቡበትን ዕድል በማጣትም ዋጋውን ከፈለች። የሽሮ ሜዳን ሸማኔ ያየ ሰው የሩዋንዳን አቋም ሊንቅ አይችልም፤ እኔም የኮንትሮባንድ ጠበቃ አይደለሁም። የማልቀበለው፣ የፋብሪካውን ድካምና የመንግሥቱን ቀረጥ ጉድለት ሁሉ በለባሹ ድኻ ላይ ጭኖ፣ በላዩም ሐፍረት ጨምሮ ማልበስን ነው፤ ከገበያው ሁሉ ዋጋ የመወሰን ሥልጣን የሌለው እርሱ ብቻ ነውና። ሸማኔውንም ቢሆን የሚጠቅመው ጨርቅን መዳሰስ የሚያውቅ፣ ስፌትን አገላብጦ የሚመረምር፣ አንዱን ልብስ ዐሥር ዓመት ሊጠብቅ የቈረጠ ገዢ ነው፤ እንዲህ ያለው ገዢ ደግሞ ከፋጊያው ክምር አጠገብ ተንበርክኮ ሲማር አይቼዋለሁ።

ከጎዶማ ከመነሣቴ በፊት እኔም አንድ ግራጫ ኮት ገዛሁ። በውስጥ ኪሱ ላይ የማይታወቅ ሰው ስም ሁለት የመጀመሪያ ፊደላት በሐር ክር ተጠልፈው ነበር፤ ልብስ ሰፊው በምላጭ ሊፈታቸው ሲል፣ ተዋቸው አልሁት፤ ጋናዎቹን አስቤ ሰውየው በሕይወት ይኖር ይሆን የሚል ሐሳብ ስለ መጣብኝ ነው። ኮቱን አልብሶኝ፣ ጀርባውን በኖራ ምልክት አድርጎ፣ መርፌ በከንፈሩ ይዞ፣ ቡርጂ እንደ መሆኑ በጥሩ አማርኛ፣ «ጋሼ፣ ወገቡን በልክዎ ቈርጬ ልጨርሰው ወይስ ለኋላ የሚለቀቅ ጨርቅ ላስቀርልዎ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሆዴን ተመልክቼ፣ አስቀርልኝ አልሁት፤ እርሱም ምንም ሳይናገር ሁለት ጣት ያህል ወደ ውስጥ አጥፎ ሰፋው።