የደጋውን ፊልም ደጋው ይፍረደው

የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ከቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል የዳኞችን ልዩ ሽልማትና የምርጥ ድርሰትን ሽልማት ይዞ ተመለሰ፤ በዓመቱም ቡርኪና ፋሶ፣ ዋጋዱጉ ላይ የፌስፓኮ ፊልም ፌስቲቫልን ዋና ሽልማት አነሣ። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ዲፍሬት» በ2014 ሰንዳንስም በርሊንም ላይ ተመልካች የመረጠው ፊልም ሆነ። የያሬድ ዘለቀ «ላምብ» ደግሞ በ2015 ካን ገባ፤ በዚያ ፌስቲቫል ይፋዊ ምርጫ ውስጥ የተካተተ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም ነው። ሦስቱም ከገጠር ሰው ኑሮ የተነሡ ናቸው። ጥሩ ፊልሞች መሆናቸውን የነገሩን ግን የጣሊያን፣ የቡርኪና ፋሶ፣ የፈረንሳይ፣ የጀርመንና የአሜሪካ አዳራሾች ናቸው። ደቡብ ወሎ ውስጥ ማሻን የጠየቀ የለም፤ መካነ ሰላምንም የጠየቀ የለም።

የዝግጅት ክፍላችን ፍርድ ይህ ነው፦ ስለ ደጋ ገበሬ የተሠራ ፊልም ደገኛው አይቶ እስካልተናገረበት ድረስ ገና ግማሽ ዳኝነት ነው ያገኘው። ጥፋቱ በመጀመሪያ የፊልም ሠሪዎቹና የባህል መሥሪያ ቤቶቹ፣ ቀጥሎ የእኛ የመገናኛ ብዙኃን ነው።

«ላምብ»ን እንውሰድ። እናቱ በረሃብ የሞተችበት ኤፍሬም የሚባል ልጅ አለ፤ አባቱ ሥራ ፍለጋ አዲስ አበባ ሲሄድ ደጋ ላይ ዘመድ ቤት ይተወዋል። ልጁ ቹኒ የሚላትን በጉን አይለያትም፤ አጎቱ ግን ለበዓል ትታረድ ይላል። ኤፍሬም የእርሻው ሥራ አይሆንለትም፣ እጁ ወጥ ላይ ነው፤ ሳምቡሳ ጠብሶ ገበያ እየሸጠ የመሳፈሪያ ገንዘብ ያጠራቅማል። ካን ላይ የተቀመጠ ዳኛ ተራራውንና የልጁን ፊት አይቶ ያደንቃል፤ ያድንቅ። የወሎ ቦረና ሰው ግን ሌላ ጥያቄ ያነሣል። በግ በዚህ ደጋ የማዳበሪያ ዕዳ መክፈያ፣ የልጅ ደብተር መግዣ፣ የክፉ ቀን ጥሪት ነው። ታዲያ አጎትዬው ጨካኝ ሰው ነው ወይስ ቤቱን እንዴት እንደሚያከርም የጨነቀው አባወራ? ወንድ ልጅ ምድጃ ሥር ሲገኝ መንደሩ የሚለው ፊልሙ ያስባለውን ነው ወይስ የባሰ? በጎቿን በየስማቸው የምትጠራ ሴት ከማንኛውም ሐያሲ በላይ የምትለው አላት።

«ጤዛ» ላይ ነገሩ ይከብዳል። አንበርብር ከጀርመን ወደ ትውልድ መንደሩ ሲመለስ የሚያገኘው አገር ወጣቶቹን ለጦርነት የሚያፍስ አገር ነው፤ ልጆች ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ያድራሉ። በዚያ ዘመን ወላጅ የነበረ ወይም ራሱ ሲሸሽ የከረመ ሰው በምዕራብ ደቡብ ወሎ ቀበሌዎች ዛሬም አለ። ፊልሙ እውነቱን ተናግሯል ወይስ አሳምሮታል ለሚለው ጥያቄ ምስክሮቹ እነዚህ ናቸው። ምስክሩ በሕይወት እያለ ሳይጠየቅ የተዘጋ መዝገብ በየትኛውም ችሎት ይግባኝ ያስነሣል።

አንዳንዱ «ገጠሬው የሲኒማ ባህል የለውም» ይላል። ይህን የሚል ሰው በገበያ ቀን ስልክ መጠገኛ ቤት ደጃፍ ቆሞ አያውቅም። ከማሻ በኩል የመጣው ጎረምሳ ሚሞሪ ካርዱን ከስልኩ አውጥቶ ያቀብላል። «ወንድሜ፣ ያለፈው የጫንክልኝ መጨረሻው ቀሽም ነው።» ባለሱቁ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳይነቅል «እንግዲያው ይችን ልጫንልህ፣ ትርጉም ናት፤ ያንን የጠላ ሁሉ ይችን ወዷታል» ይለዋል። ባለሱቁ ማን ድብድብ እንደሚወድ፣ ማን የህንድ ፊልም ካላየ እንደማይተኛ፣ የማን እናት ካና ቴሌቪዥን በ2008 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የቱርክ ድራማ እንደለመዱ ያውቃል። ቢዋሽ በሚቀጥለው ገበያ ፊት ለፊት ይወቀሳል። በማስታወቂያ «የዓመቱ ምርጥ ፊልም!» ብሎ የሚጮኸውን ሰው ግን ማን ደጃፉ ሄዶ ይወቅሰዋል?

ይህ ንግድ ሕጋዊ ነው እያልን አይደለም። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ከወጣ ሃያ ዓመት አልፎታል፤ ሥራው ያለ ፈቃዱ በሚሞሪ ካርድ የሚዞርበት ባለሙያ ማጉረምረሙ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደ እነዚህ ወረዳዎች ፊልም ያደረሰ ሌላ አከፋፋይ ካለ ይቁጠሩልን። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ፊልምም ስለ ፊልም የሚወራውም ወሬ ከሰው ወደ ሰው የተሻገረው በዚያችው ጥፍር በምታህል ካርድ ነው። ሕግ አስከባሪው ሱቁን ከመዝጋቱ በፊት ባለመብቱ ፊልሙን እዚያ ሱቅ ድረስ የሚወስድ ሕጋዊ መንገድ ያበጅ።

ስለ ተሠራ ነገር በምክንያት መናገርም ለዚህ ምድር እንግዳ አይደለም። ቅኔ ቤት ተማሪው ቅኔውን ይዞ መምህሩ ፊት ሲቀርብ ሙገሳ ብቻ አይጠብቀውም፤ ቤቱ መድፋቱ፣ ሰምና ወርቁ መግጠሙ በጓደኞቹ ፊት ይመረመራል፣ የተዛባው ይታረማል፤ ያማረው ደግሞ «ይበል!» ይባልለታል። በበልሃ ልበልሃ የተሟገተ ማኅበረሰብም ክርክር መስማት ያውቃል። እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣው የሞገስ ታፈሰ «ቁራኛዬ» የቆመው በዚሁ ሥርዓት ላይ ነው፤ በቀድሞው ሕግ ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት ተቆራኝተው ለፍርድ ሲጓዙ ያሳያል። ይህን ፊልም የአያታቸውን ሙግት ከነአነጋገሩ የሚያስታውሱ ሽማግሌ አጠገብ ተቀምጦ ማየትና በአዲስ አበባ የገበያ ማዕከል ፈንዲሻ እየበሉ ማየት አንድ አይደለም። ለሁለተኛው ተመልካች ንቀት የለንም፤ ቲኬቱን የሚገዛው እሱ ነው።

ፍርድ ከእይታ ሲቀድም የሚሆነውን በ«ዲፍሬት» አይተናል። ነሐሴ 2006 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፊልሙ አዲስ አበባ ውስጥ ሊመረቅ ታዳሚው ተሰብስቦ ሳለ በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ እግዱ የተነሣው ኋላ ነው። በዚያ መሀል አገሩ ያወራው ስለ እግዱና በኤግዚኪዩቲቭ ፕሮዲዩሰርነት ስሟ ስለተጠቀሰው አንጀሊና ጆሊ ነበር። በጠለፋ የተወሰደች ልጅ ጠላፊዋን ስትገድል የመንደሩ ሽማግሌዎች ሊፈርዱ የሚቀመጡበት ትዕይንት ግን ከሁሉ በላይ መወራት የነበረበት ነው። ሽምግልናው በትክክል ቀርቧል? ሴት ልጅ ያላቸው አባት ያንን ሸንጎ ሲያዩ ምን ይላሉ? ይህን ጥያቄ ይዞ ወደ ወረዳዎቹ የወረደ አልነበረም።

እኛስ? ጋዜጦቻችንም ጣቢያዎቻችንም ስለ ፊልም የሚያወጡት አብዛኛው የምረቃ ዜናና የተዋናይ ቃለ መጠይቅ ነው። «ሁሉም ሰው ሊያየው የሚገባ» የሚል ዐረፍተ ነገር ከአርታኢ እጅ እንዴት እንደሚያመልጥ አይገባንም፤ ሁሉም ሰው ሊያየው የሚገባ ፊልም የለም። «አሪፍ ነው» እና «ይደብራል» አመልህን ለሚያውቅ ጓደኛ ይበቃሉ። ለማያውቅህ ሰው ግን ምኑ እንዳማረህ፣ የቱ ጋ እንዳሰለቸህ፣ ለማን እንደሚሆንና ለማን እንደማይሆን ካልነገርከው ምንም አልነገርከውም።

የሚደረገው ውድ አይደለም። ቤኒን ላይ እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ተንቀሳቃሽ ዲጂታል ሲኒማ ጀነሬተር፣ ፕሮጀክተርና ሸራ በመኪና ጭኖ በምዕራብ አፍሪካ መንደሮች የአፍሪካን ፊልሞች አሳይቷል። ደሴ ላይ ወሎ ባህል አምባ አለ፤ በየወረዳው ከተማ ቢያንስ የስብሰባ አዳራሽ አይጠፋም። የጸጥታው ሁኔታ ዛሬ መንገድ እንደሚያስቸግር እናውቃለን፤ ስለዚህ ከደሴ ይጀመር፣ መንገዱ ሲከፈት ወደ አቀስታና ወደ መካነ ሰላም ይዝለቅ። የክልሉ ባህል ቢሮ ለገጠር ፊልም ቀረጻ የትብብር ደብዳቤ ሲሰጥ አንድ ግዴታ ይጨምርበት፦ ፊልሙ ሲያልቅ በተቀረጸበት አካባቢ በነጻ ይታይ፣ ከእይታው በኋላም ለተመልካቹ አንድ ሰዓት ይሰጥ፤ አዘጋጁ ማይክራፎኑን ይዞ ሳይሆን ወንበር ይዞ ያዳምጥ።

ደሴ ያሉት የኤፍ ኤም ጣቢያዎች እስከዚያው መጠበቅ የለባቸውም። በሳምንት ግማሽ ሰዓት ስልክ ከፍተው ሰዉ ሰሞኑን ስላየው ፊልም ይጠይቁ። ደዋዩ «አሪፍ ነው፣ እዩት» ብሎ ሊዘጋ ሲል አዘጋጁ «ቆይ፣ ለምን?» ይበለው።